በተራ መጠርጠር

የአማርኛ ተረትና ምሳሌ ለጠርጣሪ ሰው ስንቅ አያሳጣውም። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል አንዱ። «ጠርጥር፣ ገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» ይላል ሌላው። ሁለቱንም እየሰማን ነው ያደግነው፤ ሁለቱም እውነት አላቸው። ገበያ የሚውል፣ ቤት የሚያከራይ፣ ገንዘብ የሚያበድር ሰው ሳይጠረጥር ቢውል ማታ ባዶ እጁን ሊገባ ይችላል። ነገር ግን እነዚህ ምሳሌዎች የማይነግሩን አንድ ነገር አለ። ጠርጥር ይሉናል እንጂ በማን ጀምር፣ በማን ጨርስ፣ የጠረጠርከውን እንዴት አድርገህ ፈትን፣ ንጹሕ ሆኖ ባገኘኸው ጊዜስ ምን በለው አይሉንም። ስንጥሩ ገንፎው ውስጥ መኖሩን ይነግሩናል፤ ከማማሰያው ይሁን ከዱቄቱ እንዴት እንደሚታወቅ ግን ዝም ብለው ያልፋሉ። ዝም ያሉትን እኛ እንሞላዋለን። ብዙ ጊዜም የምንሞላው አጠገባችን ባለና አፍ አውጥቶ መከራከር በማይችል ሰው ስም ነው።

ይህን እንዳስብ ያደረገኝ የፍልስፍና መጽሐፍ አይደለም። አንዲት አሮጌ ሞተር ሳይክልና በእርሷ ሰበብ ስሙ የጎደፈ አንድ ልጅ ናቸው። ነገሩ የሆነው ቢሾፍቱ ውስጥ፣ በ2010 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ነው።

ሞተር ሳይክሏ የአጎቴ ነበረች። አጎቴ የጤና ረዳት ሆኖ በአድአ ገጠር ሲዞር የኖረ ሰው ነው። የመድኃኒት ሣጥኑን ከኋላው አስሮ፣ ኮቱን እስከ አገጩ ቆልፎ፣ በዚያች ሞተር ጭቃውንም አቧራውንም አልፎባታል። በ2007 ዓ.ም. ሲያርፍ ቤቱ ለልጆቹ፣ ሞተሯ ለእኔ ደረሰች። ዘመድ ሁሉ «ብረቷን ሽጣትና ተገላገል» አለኝ። እኔ ግን መምህር ነኝ፤ መኪና የመግዛት አቅሙ የለኝም፤ ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤቴም መንገዱ ቀላል አይደለም። አጠብኳት፣ ጎማ ለወጥኩላት፣ ነዳኋት።

ስሟ ጃዋ ነው። የቼኮች ሥራ ናት። ፍራንቲሼክ ያኔቼክ የሚባለው ባለፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1929 ከጀርመኑ ከቫንደረር ፋብሪካ የሞተር ሳይክል ሥራ መብት ሲገዛ የራሱን ስም መጀመሪያና የጀርመኑን ፋብሪካ ስም መጀመሪያ አጋጥሞ ነው ይህን ስም ያወጣላት። የእኔዋ በዚያው በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር በ1970ዎቹ የተሠራች፣ 350 ሲ.ሲ.፣ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሲሊንደሮች ያሏት ናት። ዘይቷን ከቤንዚን ጋር ደባልቃ ትጠጣለች። ባትሪዋ ስድስት ቮልት ብቻ ነው። አንዷ ፔዳል ሞተሩን ለማስነሳትም ማርሽ ለመቀየርም ታገለግላለች፤ ይህን የማያውቅ ሰው ሊነዳት ሲሞክር ማየት ያስቃል።

ሕመሟ እንዲህ ነበር። ጠዋት በመጀመሪያው ምት ትነሳለች። ሁለቱ ሲሊንደሮች እኩል ይሠራሉ፤ ድምፅዋ እንደ ስፌት መኪና የተስተካከለ ነው። ሃያ ደቂቃ ያህል ከሄደች በኋላ፣ ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ፣ የቀኙ ሲሊንደር ድንገት ዝም ይላል። ያን ጊዜ ጉልበቷ ይከዳታል፣ ዳገት እምቢ ትላለች፣ ድምፅዋም አንድ እግሩን እንደሚጎትት ሰው ያነክሳል። አቁሜ ግማሽ ሰዓት ሳሳርፋት ደግሞ ምንም እንዳልነካት ሆና ትሄዳለች። እንዲህ ያለው ሕመም ክፉ ነው። ሐኪም ቤት ሲደርሱ እንደሚጠፋ የጥርስ ሕመም፣ መካኒኩ ዘንድ ሲደርሱ አይገኝም።

ሕመሙ ከመጀመሩ አንድ ሳምንት በፊት ሞተሯን ለጠቅላላ ጽዳት አንድ ጋራዥ አስገብቻት ነበር። ካርቡራቶሩን ያጠበው፣ ሽቦዎቹን የጠረገው፣ ኮይሎቹን ፈትቶ መልሶ ያሰራቸው የጋራዡ ለማጅ ነው። የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበር። ከጨፌ ዶንሳ መጥቶ፣ ማታ ማታ እየተማረ፣ ቀን ቀን እጁን ዘይት ውስጥ ነክሮ የሚውል፣ ሲጠሩት ከመድረሱ በፊት «አቤት» የሚለው የሚቀድም ልጅ።

ሞተሯን መልሼ ወስጄ ሕመሟን ስናገር ባለጋራዡ ብዙም አላሰበም። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሥራውን የሚያውቅ፣ ግን ብዙ ዕቃ የጠፋበት ሰው ነበር። በሩ ላይ ቆሞ፣ ሰባት ስምንት ደንበኛ እየሰማ፣ እንዲህ አለ፦

«ሲሞቅ የሚሞት ነገር ኮይል ነው። ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ። ኮይሉን የፈታው ማነው? እሱ ነው። ደህናው ወጥቷል፣ የሞተው ገብቷል። የአሮጌ ሞተር ዕቃ ስንት እንደሚያወጣ እሱም ያውቃል።»

ልጁ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «ጋሼ፣ ፈትቼ ጠርጌ ያንኑ ነው የመለስኩት። ሌላ ከየት አመጣለሁ?» አለ።

«እስከ ሰኞ ኮይሉን ታመጣለህ። አለዚያ የወር ደመወዝህን ትተህ መንገድህን ትይዛለህ።»

በሩ ላይ ሻይ የምትሸጠው ሴት ከንፈሯን መጠጠች። ተራ የሚጠብቅ አንድ የባጃጅ ነጂ «የዛሬ ልጅ!» አለ። ሌባ የሚለውን ቃል ማንም አልተናገረውም፤ ሁሉም ግን ሰምቶታል። እኔም የሞተሯ ባለቤት ነኝና ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። «ሰኞ ሳይደርስ ማንም ምንም አይበል፤ እስከዚያ ሞተሯን ልውሰዳት» ብዬ እየገፋሁ ወጣሁ።

እስቲ የባለጋራዡን ነገር በጥሞና እንየው። ኮይል ሲሞቅ ይሞታል ማለቱ እውነት ነው፤ ብዙ አሮጌ ኮይል እንዲሁ ነው የሚሆነው። ኮይሉን የፈታው ልጁ ነው ማለቱም እውነት ነው። የአሮጌ ሞተር መለዋወጫ ይፈለጋል ማለቱም እውነት ነው። ሦስት እውነት ተደርድረዋል፤ አንዳቸውም ግን ልጁ ሰረቀ አይሉም። ያንን የጨመረው የተናጋሪው ቁጣ ነው።

ከእኛ ቤት ሦስት ቤት አልፎ አንድ አዛውንት ይኖሩ ነበር። ሰፈሩ ሁሉ በማዕረጋቸው «ሃምሳ አለቃ» ነው የሚላቸው። ቢሾፍቱ የአየር ኃይል ከተማ ናት። ከጣልያን ወረራ በኋላ አየር ኃይሉን እንደገና ያቋቋመው ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘን የሚባለው ስዊድናዊ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1945 እስከ 1956 በኃላፊነት ቆይቷል። ከስዊድን ከመጡት አውሮፕላኖች መካከል ሳፊር የሚባሉት ትናንሽ መለማመጃዎች ነበሩ። ሃምሳ አለቃ በወጣትነታቸው የሳፊርን የኤሌክትሪክ መስመር ሲጠግኑ የኖሩ ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ የሰፈሩን ራዲዮና ምጣድ ይሠሩ ነበር፤ ከሰው ገንዘብ ሲቀበሉ ግን አይቼ አላውቅም።

ነገሩን ከስር እስከ ጫፍ ነገርኳቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ስለ ልጁም ስለ ባለጋራዡም አንድ ቃል አልተነፈሱም። የጠየቁኝ፣ «ቀኙ ሲሞት ግራው ይሠራል?» ብለው ነው።

«ይሠራል።»

«ሁልጊዜ ቀኙ ነው የሚሞተው?»

«ሁልጊዜ።»

«እንግዲያስ ባትሪው፣ ቁልፉ፣ ፊውዙ፣ ካርቡራቶሩ፣ ቤንዚኑ ወደየቤታቸው ይሂዱ። እነሱ ሁለቱንም ያገለግላሉ። ቢታመሙ ኖሮ ግራውም ባልዳነ።» ሳቅ አሉና ቀጠሉ። «ከጠርጣሪነት የመጀመሪያው ሥራ ማንን መያዝ እንደሌለብህ ማወቅ ነው፣ መምህር።»

ከዚያ ስለ አውሮፕላን ሞተር አጫወቱኝ። ፒስተን ያለው የአውሮፕላን ሞተር ሁለት ማግኔቶ አለው፤ ማግኔቶ ማለት ያለ ባትሪ የራሱን እሳት የሚያመነጭ ዕቃ ነው። እያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ሁለት ካንዴላ አለው፤ አንዱ ካንዴላ ከአንደኛው ማግኔቶ፣ ሌላው ከሁለተኛው እሳት ይቀበላል። አብራሪው ከመነሳቱ በፊት ምድር ላይ ቆሞ አንዱን ማግኔቶ ያጠፋና የሞተሩ ዙር ምን ያህል እንደወረደ ያያል። መልሶ ያበራና ደግሞ ሌላውን ያጠፋል። ትንሽ መውረዱ ያለ ነው። ከመጠን በላይ ከወረደ ግን የታመመው ያጠፋው ሳይሆን ብቻውን የቀረው ነው።

«ሰማይ ላይ ሆኖ ከመገመት፣ ምድር ላይ ሆኖ መጠየቅ ይሻላል» አሉኝ። «ያንተም ጃዋ ሁለት ሲሊንደር ያላት መሆኗ ዕድልህ ነው። ለቀኙ ያለው ካንዴላ ለግራውም አለ፤ ኮይሉም እንደዚያው፣ ኮንታክቱም፣ ኮንደንሰሩም። የታመመው አጠገቡ ጤነኛ ወንድም አለው ማለት ነው። እንግዲህ ቀኝና ግራ እያለዋወጥክ ጠይቃት። ሕመሙ ከዕቃው ጋር ከተሻገረ ዕቃው ነው። ቀኝ ላይ ከቀረ ያ ዕቃ ንጹሕ ነው። ግን አንድ በአንድ! ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ለውጠህ ብትድን እንኳ ያዳነህን አታውቀውም።»

ልሄድ ስነሳ፣ «ቅዳሜ ና። ልጁንም ይዘኸው ና። የሚፈተነው የእሱ ስም አይደለም ወይ?» አሉኝ።

አንባቢ የሚከተለውን እንዲረዳልኝ፣ እሳቱ እንዴት እንደሚወለድ በአጭሩ ልናገር። ሃምሳ አለቃ ለእኔና ለልጁ ቅዳሜ ጠዋት በእንጨት መሬት ላይ እየጫሩ ያስረዱን ነው።

ስድስት ቮልት ለትንሽ አምፖል እንጂ በታመቀ የቤንዚን ጋዝ መካከል ለመዝለል አይበቃም። ብልጭታው በካንዴላው ጫፍ ያለውን 0.6 ሚሊ ሜትር ክፍተት እንዲሻገር ከዐሥር ሺህ ቮልት ያላነሰ ያስፈልጋል። ይህን የሚያደርገው ኮይሉ ነው። ኮይል ማለት በአንድ ብረት ላይ የተጠቀለሉ ሁለት ሽቦዎች ናቸው፤ አንዱ ወፍራምና ጥቂት ዙር፣ ሌላው እንደ ፀጉር የቀጠነና ብዙ ሺህ ዙር። በወፍራሙ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ በዙሪያው መግነጢሳዊ ኃይል ይከማቻል። ያ ጉዞ ድንገት ሲቋረጥ የተከማቸው ኃይል ይፈርስና በቀጭኑ ሽቦ ውስጥ ብርቱ ግፊት ይፈጥራል። ማይክል ፋራዳይ የነገሩን ሥር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1831 ነው፤ ቻርልስ ኬተሪንግ የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ደግሞ በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ዓመታት ባትሪን፣ ኮይልንና ኮንታክትን አዋህዶ ለአውቶሞቢል አዋለው። የእኔም ጃዋ በዚያው ዘዴ ነው የምትሠራው።

የሚያቋርጠው ኮንታክቱ ነው፤ ሁለት ትናንሽ የብረት ከንፈሮች። ሞተሩ በዞረ ቁጥር አንድ ጉብታ ከንፈሮቹን ይከፍታቸዋል፤ የሚከፈቱት 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ኮንታክት በሰከንድ 50 ጊዜ ይከፈታል ይዘጋል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ችግር አለ። በሙሉ ኃይሉ የሚጓዝ ኤሌክትሪክ በር ሲዘጋበት በቀላሉ አይቆምም። በቦይ የሚሮጥ ውሃ ፊቱን ሲደፍኑበት ግድቡን እንደሚያልፍ ሁሉ፣ እርሱም በተከፈቱት ከንፈሮች መካከል ብልጭ ብሎ ሊያልፍ ይሞክራል። ካለፈ ከንፈሮቹ ይቃጠላሉ፤ መቋረጡም ድንገተኛ መሆኑ ይቀርና በካንዴላው ዘንድ የሚደርሰው እሳት ይሰንፋል። ስለዚህ ከኮንታክቱ ጎን ኮንደንሰር ይታሰራል። ኮንደንሰር በቦዩ አፍ እንደተቆፈረች ትንሽ ጉድጓድ ነው፤ የተገፋውን ለቅጽበት ይቀበልና ከንፈሮቹን ያሳርፋቸዋል። የሚያክለው የአውራ ጣት ጫፍ ነው። ውስጡ በወረቀት ተለይተው የተጠቀለሉ ሁለት ስስ የብረት ቅጠሎች ናቸው። ሥራው አይታይም፤ ሲታመምም ሕመሙ የሚታየው በሌላ ዕቃ ላይ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ልጁን ከኋላዬ አስቀምጬ፣ ካቻቪቴና የካንዴላ ቁልፍ አስይዤ፣ በአዲስ አበባው መንገድ ወደ ዱከም ነዳሁ። ዱከም ደርሰን ስንመለስ ቢሾፍቱ መግቢያ ላይ ቀኙ ዝም አለ። እያነከስን ሃምሳ አለቃ ግቢ ገባን። ልጁ የቀኙን ካንዴላ ፈታው። ጫፉ በቤንዚን ርሷል።

«ቤንዚኑ ደርሷል። ያልደረሰው እሳቱ ነው» አሉ ሃምሳ አለቃ።

ካንዴላውን ከሲሊንደሩ ብረት ጋር አስነክተን ፔዳሉን ስንመታ ብልጭታ አለ፤ ግን ቢጫና ቀጭን ነው። የግራውን ብንሞክር ሰማያዊና ጠንካራ። «ይህንንም ቢሆን አትመኑት» አሉን። «ሜዳ ላይ መዝለል ቀላል ነው። እሳት የሚፈተነው ታምቆ ሳለ ነው፤ ያን ጊዜ ብዙ ግፊት ይፈልጋል። ሜዳ ላይ ደህና የሚመስል ውስጥ ገብቶ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ፍርዱን ለመንገዱ ተዉት።»

የኮንታክቶቹን ክፍተት ለኩ፤ ሁለቱም እኩል ናቸው። ከዚያ ካንዴላዎቹን ቀኝና ግራ አለዋወጥን። እስክትቀዘቅዝ ጠበቅን፤ እንደገና ዱከም ደርሰን ተመለስን። ቀኙ ሞተ። ካንዴላዎቹ ነጻ ወጡ።

ሦስተኛው ተራ የኮይሎቹ ነበር። ኮይሎቹን ሳንነቅል ሽቦዎቻቸውን አቀያየርን፤ ለቀኙ ይሠራ የነበረው ኮይል ለግራው እንዲሠራ፣ የግራውም ለቀኙ። ሽቦውን የሚያስረው ልጁ ነው። ቁልፉ ሁለት ጊዜ ከእጁ ወደቀ። አሁን ግራው ቢሞት የተጠረጠረው ኮይል በእርግጥ የታመመ ነው ማለት ነው፤ የባለጋራዡም ቃል ግማሽ መንገድ ተጓዘለት ማለት ነው።

ሃምሳ አለቃ አዩት። «ልጄ፣ ስማኝ» አሉት። «ኮይሉ ታምሞ ቢገኝ፣ ኮይል ታመመ ማለት ነው እንጂ ልጅ ሰረቀ ማለት አይደለም። ዕቃ ያረጃል። ያንን ሌላ ቀን ለብቻው እንጠይቀዋለን። አሁን የያዝከውን ጥብቅ አድርገህ እሰር።»

ይህ ቃል ከዚያ ወዲህ ከኅሊናዬ አልወጣም። ዘዴው ልጁን ነጻ ለማውጣት የተዘጋጀ ወጥመድ አልነበረም። ኮይሉ ጥፋተኛ ሆኖ ሊገኝ ይችል ነበር። ሽማግሌው ግን የዕቃን ጥፋትና የሰውን ጥፋት አስቀድመው ለያይተው አስቀመጡ፤ ዕቃው ላይ የተፈረደው ሰው ላይ እንዳይፈስ።

ነዳን። ዱከምን አለፍን። ስንመለስ፣ ከዚያው ከተለመደው ቦታ ጥቂት ሜትር ሳንርቅ፣ ድምፅዋ ተሰበረ። ልጁ ከኋላዬ ሆኖ ጎንበስ አለና በሁለቱ ጎን ያሉትን ማርሚታዎች አዳመጠ። ቀኙ ነበር። የተጠረጠረው ኮይል ግራ በኩል፣ በዚያ ሙቀት፣ ያለ እንከን ይሠራል። ልጁ አንድ ቃል አልተናገረም። ትከሻዬን የያዘው እጁ ግን ሲላላ ተሰማኝ።

ሃምሳ አለቃ ሽቦዎቹን ወደ ቦታቸው ካስመለሱ በኋላ፣ ሲመሽ ጠብቀው ሞተሩን አስነሱና የኮንታክቱን ክዳን አስከፈቱ። በድንግዝግዙ ውስጥ የግራው ከንፈሮች መካከል ብልጭታ አለ ከማለት የለም ማለት ይቀላል። በቀኙ ግን ወፍራም ሰማያዊ እሳት ይንተከተካል። «ኮንደንሰሩ እየተናገረ ነው» አሉ። «ግን በመናገሩ ብቻ አንፈርድበትም። ለሌሎቹ ያደረግነውን ለእሱም እናደርግለታለን።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለቱን ኮንደንሰሮች አለዋወጥንና ለአራተኛ ጊዜ ነዳን። ዘንድሮ ለአንዴ የሞተው ግራው ሆነ። ሕመሙ ከዕቃው ጋር ተሻገረ። ያን ቀን መንገድ ዳር ቆሜ በሞተር መሞት ደስ ያለኝ ብቸኛው ሰው እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ወረቀቱ አርጅቶ ነበር። ኮንደንሰር ሲያረጅ እርጥበትና ሙቀት ወረቀቱን ይበሉታል፤ ቀዝቃዛ ሳለ ይችላል፣ ሲሞቅ ያፈሳል። «ታዲያ ለምን ከጽዳቱ በኋላ ጀመረው?» ብዬ ጠየቅሁ። ሃምሳ አለቃ፣ «ዶሮ ስለጮኸ ነው የሚነጋው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። መጋቢት ነበር፤ የቢሾፍቱ ሙቀት የሚበረታበት ወር። ጽዳቱና ሙቀቱ በአንድ ሰሞን ገጠሙ፤ ሰው ግን ሙቀትን መክሰስ አይችልምና ልጁን ከሰሰ። በታመመው ፋንታ ከአሮጌ ቮልስዋገን የወጣ ደህና ኮንደንሰር አሰርንለት፤ ለዚህ ሥራ ምንም አላነሰውም። ዋጋው አንድ ኪሎ ቡና አይገዛም።

ሰኞ ሦስታችንም ጋራዡ ሄድን። ሃምሳ አለቃ አልተከራከሩም። የታመመውን ኮንደንሰር ባለጋራዡ እጅ ላይ አስቀመጡና፣ «በገዛ እጅህ በፈለግኸው በኩል እሰረው፤ ንዳትና ና» አሉት። ሰውየው አሰረው፣ ነዳ፤ ከሠላሳ ደቂቃ በኋላ እያነከሰ ተመለሰ። ሞተሯን አቁሞ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያ ወደ ውስጥ ገባና ልጁን ጠርቶ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እንግዲህ ሰው ነን፤ ሥራህን ቀጥል» አለው። ደመወዙንም ሰጠው።

እዚህ ላይ ነገሩ ያበቃ ይመስላል፤ አላበቃም። ክሱ የተነገረው በሩ ላይ፣ በሙሉ ድምፅ፣ ደንበኛው ሁሉ እየሰማ ነበር። ንጹሕነቱ የተነገረው ጓዳ ውስጥ፣ በሹክሹክታ ነው። ተራ ሲጠብቅ የነበረው የባጃጅ ነጂ ኮንደንሰር የሚባል ነገር መኖሩንም አልሰማም። ከሳምንት በኋላ ጋራዡ በር ላይ ሻይ ስጠጣ ልጁ ብርጭቆ ሊመልስ መጣ፤ ሴትየዋ ሳታስበው የሳንቲም ቆርቆሮዋን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። ልጁ አይቷል። እኔም አይቻለሁ። ያን ቀን ለእርሷ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አጫወትኳት፤ ደነገጠችም፣ አዘነችም፣ ልጁን ጠርታ ሻይ በነጻ ቀዳችለት። ለሌሎቹ ግን ማን ያጫውታቸው? ሃምሳ አለቃ በምርኩዛቸው እየሄዱ የባጃጅ ተራው ድረስ ሲያወሩ ሰንብተዋል፤ ወሬ ግን ከሽማግሌ እግር ይፈጥናል። ልጁ ሰኔ ላይ ፈተናውን ጨርሶ ጋራዡን ተሰናበተ። ለምን እንደሆነ አልተናገረም፤ መናገርም አላስፈለገውም።

አባቶቻችን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። ይህን የምንጠቅሰው ብዙውን ጊዜ ለትልልቅ ሰዎች ነው። የዐሥራ ሰባት ዓመት ለማጅ ግን ከስሙ በቀር ምን አለው? መሣሪያው የባለጋራዡ ነው፤ የሚያድርበት ቤት የሰው ነው። ነገ ሌላ ጋራዥ ሄዶ ሥራ ሲጠይቅ ይዞት የሚሄደው ስሙን ብቻ ነው። ለሞተር ከአሮጌ ቮልስዋገን የሚሆን ኮንደንሰር ተገኘ። ለስም ግን ከየትኛው አሮጌ መኪና ይፈታል?

መጠርጠር አይቅር። ሃምሳ አለቃም ከማንም በላይ ጠርጣሪ ነበሩ፤ በዚያች ሞተር ላይ ያልጠረጠሩት ብሎን የለም። ልዩነቱ እርሳቸው ሁሉንም በተራው ጠርጥረው፣ ለእያንዳንዱ አንድ ዓይነት ፈተና ሰጥተው፣ ያለፈውን «ወደ ቤትህ ሂድ» ብለው ጮክ አድርገው ማሰናበታቸው ነው። ባትሪውን እንኳ በቃል ነው ያሰናበቱት። ለባትሪ ያደረጉትን ያህል እኛ ለሰው ብናደርግ ምን ነበር?

እርሳቸው በ2014 ዓ.ም. አረፉ። ሞተሯ አሁንም ትሄዳለች። ልጁ፣ አሁንማ ልጅ አይባልም፣ ሞጆ ውስጥ ዲናሞና የውሃ መሳቢያ ሞተር የሚጠቀልልበት ጠባብ ሱቅ ከፍቷል። ባለፈው ሄጄ ስጠይቀው አንድ ገበሬ የውሃ መሳቢያ ሞተሩን ተሸክሞ ገብቶ፣ ትናንት የሠራተኛው ልጅ ነክቶት እንደተበላሸ በንዴት ይነግረው ነበር። እርሱ ሰምቶ ሲጨርስ ስለ ሠራተኛው ልጅ ምንም አልጠየቀም።

«ሲቀዘቅዝ ይነሳል?» አለው፤ ካቻቪቴውንም አነሳ።